ኮምፒውተር ምህንድስና ወይስ ኮምፒውተር ሳይንስ?

የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ነው፤ ትምህርት ክፍል ሊመርጥ ነው። ጣና ዳር ሻይ እየጠጣን «ሁለቱም ያው ኮምፒውተር አይደሉ እንዴ?» አለኝ። አይደሉም።

ምህንድስናው ከኤሌክትሪክ ይጀምራል። ፊዚክስና ሒሳብ ይከመርብሃል፤ ከዚያ ሰርኪዩት (ኤሌክትሪክ የሚዞርበት መስመር)፣ ዲጂታል ሎጂክ (በ0 እና በ1 የሚሠራ ሰርኪዩት)፣ ማይክሮፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)። ላብ ውስጥ አንዲት ኤልኢዲ (ትንሽዬ መብራት) አልበራ ብላ ሙሉ ከሰዓት ትፈጅብሃለች። ሽቦውን ትነቅላለህ፣ ቮልቱን ትለካለህ። ለካ እግሯን ገልብጠህ ሰክተሃታል! ኤልኢዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ኤሌክትሪክ የምታሳልፈው። (እኔማ ኤሌክትሪኩን የሚገድበውን ሬዚስተር ሳላስገባ ሰክቼ ሁለት አቃጥያለሁ።)

ሳይንሱ ሶፍትዌር ላይ ያተኩራል፦ አልጎሪዝም (ችግር የሚፈታበት ቅደም ተከተል)፣ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት)፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ያለው)። ላፕቶፕ ካለህ ዶርም ሆነህም ትሠራለህ። ብትሳሳት ኮዱ እምቢ ይላል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም።

ምህንድስናው 5 ዓመት ነው፣ ሳይንሱ 4። የአንድ ዓመት ልዩነት ለቤተሰብ ቀላል አይደለም። ግን ፕሮግራሚንግ ሁለቱም ጋ አለ፤ ምህንድስና ተምሮ ኮድ በመጻፍ የሚተዳደር ሞልቷል። ከኮድ ወደ ሰርኪዩት መሻገሩ ነው የሚከብደው።

«ቤት ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ ትፈታለህ?» አልኩት። ሳቀ። «እማዬ መፍቻውን ደብቃብኛለች።»

ምህንድስና ሙላ አልኩት።