ሁለት ላም ይዤ የገባሁበት የወተት ማኅበር

ሱሉልታ አካባቢ ያለ አንድ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ያለኝ ሁለት ላም ነው። ጠዋት የማስረክበው ከ9 ሊትር አይበልጥም። ከኋላዬ የሚሰለፉት ጋሼ ደግሞ 15 ላም አላቸው፣ ወተታቸውን በባጃጅ ነው የሚያመጡት። ሰው "ትንሽ ላለው ያዋጣል ወይ?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው የምጽፈው።

ርክክቡ ላይ አድልዎ አላየሁም። ተቀባይዋ ላክቶሜትሯን (ወተቱ ውኃ እንዳልተቀላቀለበት የምታይበትን መለኪያ) ነክራ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከዚያ ትንሽ ወተት ከአልኮል ጋር ትቀላቅላለች። ከረጋ ይመለሳል፣ የማንም ይሁን። የጋሼ ሁለት ጀሪካን ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። የሊትር ዋጋውም ለሁላችን አንድ ነው። ክፍያ በየ15 ቀኑ፣ አልፎ አልፎ ይዘገያል።

ያከራከረን መኖ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ሲመጣ የሚከፋፈለው ባስረከብነው ሊትር ነበር። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን ሁለት ላም ያለው ሰው አንዷ ስትነጥፍበት ሊትሩ በግማሽ ይወርዳል፣ የነጠፈችውም እኮ ትበላለች! 15 ያለው አንዷ ብትነጥፍ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል፣ ካነሰውም በአይሱዙ አስጭኖ ይገዛል፣ እኔ ግን ከቸርቻሪ በኪሎ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 መሠረት የላሙ ብዛት ሳይታይ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ነውና ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አቀረብነው። አሁን መጀመሪያ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ኩንታል ይሰጣል፣ የተረፈው በሊትር ይከፋፈላል። በጣም ረድቶኛል።

ሁዳዴ ላይ ግን ማኅበሩ ተሳስቷል ባይ ነኝ። 55 ቀን ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ከሁሉም ግማሽ ግማሽ ብቻ ይቀበላል። እኔ የተረፈኝን 4 ሊትር ተኩል እናቴ ታረጋውና ትንጠዋለች፣ ቅቤው ለፋሲካ ይሸጣል። ጋሼ 50 ሊትር የት ያድርሱት? ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ለሚወስድ ነጋዴ ልስጥ እያሉ ነው። እሳቸው ከወጡ የማቀዝቀዣው መብራትና የመኪናው ነዳጅ በእኛ ትንሽ ሊትር ላይ ነው የሚወድቀው። ግቢው ውስጥ ክሬም መለያ ማሽን አለ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሠራል። በጾም በየቀኑ ይሥራና የጋሼን ወተት ይቀበሉ፣ ወተት በሚፈለግበት ጊዜ፣ ለምሳሌ ጥቅምት ላይ፣ ለማኅበሩ ያስረከበ በሁዳዴም ቅድሚያ ይኑረው። በሚቀጥለው ጉባኤ ይህንኑ አነሳለሁ።

ልትመዘገቡ የምትሄዱ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ርክክቡ ካለቀ ጸሐፊው አይገኝም።