ሜዳ የተባለው መንገድ፦ በደብረ ብርሃንና በጫጫ መካከል ስለተካሄደ የማራቶን ውድድር

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአዲስ አበባው አውራ ጎዳና እስከ ጫጫ ደርሶ የሚመለሰው የማራቶን መስመር፣ በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ ሜዳማና ለጀማሪም የሚመች ተብሎ ተገልጾ ነበር። መስመሩ በእርግጥ ሜዳማ ነው፤ እንደ ጣርማ በር ያለ ዳገት የለበትም፣ እንደ አንኮበር መውረጃ ጉልበት የሚፈትን ቁልቁለትም አይገጥመውም። ይሁን እንጂ ሩጫው ከጠበቅሁት እጅግ ከባድ ነበር፤ ከክብደቱም የሚበዛው ከከፍታው፣ ከነፋሱና ከውሃ አቅርቦቱ እንጂ ከመሬቱ አቀማመጥ የመጣ አልነበረም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት አራተኛ በታች ስለሚሆን፣ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ሰውነትም በተመሳሳይ ፍጥነት ለመሮጥ ብዙ ይደክማል፣ በጡንቻ ውስጥ ያከማቸውንም ስኳር ቶሎ ይጨርሳል። በመክፈቻው ላይ የአበበ ቢቂላ ስም ደጋግሞ ተነሥቷል፤ በሰሜን ሸዋ ጃቶ የተወለደ ጀግና ነውና መነሣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በሮም በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው፣ በ1957 ዓ.ም ደግሞ በቶኪዮ ወደ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያወረደው፣ በባሕር ወለል አቅራቢያ በሚገኙ ከተሞች ነው። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም 2,240 ሜትር ላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ ወርቁን ሲወስድ የገባበት ሰዓት 2 ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነበር። ደብረ ብርሃን ከሜክሲኮ ሲቲም በ500 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ስለዚህ በአዳማ ወይም በሐዋሳ የሮጠበትን ሰዓት ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ ወረቀቱ ከሜዳነቱ አስቀድሞ ከፍታውን ሊነግረው ይገባ ነበር።

ነፋሱ ሌላው ጉዳይ ነው። በበጋ ወራት በዚያ አምባ ላይ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ ከጥቂት የባሕር ዛፍ ረድፎች በቀር የሚያቆመው ነገር የለም። ወደ ጫጫ ስንሄድ ከኋላችን ሆኖ ስለገፋን እምብዛም አልተሰማንም፤ ከጫጫ ስንዞር ግን ፊት ለፊት ገጠመን፣ እስከ ከተማው መግቢያም አልለቀቀንም። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ የሚያተርፈው፣ ከፊት የሚመጣው ከሚወስደው ያነሰ በመሆኑ፣ ደርሶ መልስ የሆነ መስመር በነፋሻ ቀን ሒሳቡ እኩል አይወጣም።

በአገልግሎቱ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ ውሃውን ይመለከታል። ጠረጴዛዎቹ የውድድር ደንብ እንደሚያዝዘው በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ተዘርግተው ነበር፤ ስንሄድም አንድም አልጎደለባቸውም። ነገር ግን እነዚያው ጠረጴዛዎች የሚመለሱትንም ሯጮች እንደሚያስተናግዱ በአቅርቦቱ ላይ የታሰበበት አይመስልም። ስንመለስ 27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጠረጴዛ ጥቂት የውሃ ላስቲኮች ብቻ ቀርተውት ነበር፤ 32ኛው ላይ የቀረው ባዶ ካርቶን ነው፤ 37ኛው፣ ማለትም የአሥር ኪሎ ሜትር ሯጮች ጭምር የተጠቀሙበት፣ ጭራሹን ተነሥቶ ነበር። የሰውነት ስንቅ የሚያልቀው ከ30ኛው ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ ብርዱ ጥማትን ስለሚደብቅና ደረቁ አየር በትንፋሽ ብዙ ርጥበት ስለሚወስድም፣ ውሃ እጅግ የሚያስፈልገው በዚያ ክፍል ነበር። ባቱ ተኮማትሮበት መንገድ ዳር የተቀመጠ ወጣት አይቻለሁ። ያን ጊዜ የደረሱልን በአካባቢው የሚኖሩ እናቶች ናቸው፤ ውሃ በጆግ ይዘው ወጥተው «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ጠጣ» እያሉ አጠጡን፣ አንዷም በጣሳ የተበጠበጠ በሶ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ እግሬ የተንቀሳቀሰው በእርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። የገብስ አገር ነውና አዘጋጁ በሶውን ራሱ በየጠረጴዛው ቢያቀርብ፣ ከውጭ ከሚመጣው ጣፋጭ መጠጥ በዋጋም በጥቅምም የሚሻል ይመስለኛል።

መልካሙን መካድ አይገባም። የደሴ የጭነት መኪና በማያቋርጥበት ጎዳና ላይ ግማሹን መንገድ ለሯጭ መያዝ ከባድ ሥራ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሶቹና በጎ ፈቃደኞቹ እስከ መጨረሻው ሯጭ ድረስ ከቦታቸው አልተነሡም። የርቀት ምልክቶቹም በእጄ ካለው ሰዓት ጋር ተስማምተዋል። መድረሻው ላይ ሜዳሊያው ከመሰጠቱ አስቀድሞ ትከሻችን ላይ ብርድ ልብስ ይጣልልን ነበር፤ ላቡ በነፋስ ለሚቀዘቅዝበት ሯጭ ከዚህ የሚበልጥ አቀባበል አላውቅም።

መነሻው በንግግሮች ምክንያት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ዘግይቷል። ነፋሱ ረፋዱ ላይ ስለሚበረታ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት አብዛኛውን ሯጭ ከእርሱ ያድነው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ውርጭ አለ፣ ለውርጭ ግን ጓንትና ቆብ ይበቃል። አዘጋጁ ሰዓቱን ካስቀደመና ለመልሱ ጉዞ ለብቻው የተቆጠረ ውሃ ካስቀመጠ ዳግመኛ እመዘገባለሁ። እስከዚያው በዚህ መስመር ለመሮጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ በከተማው ጥቂት ቀን ቢሰነብት፣ የራሱን ውሃና ስንቅ በወገቡ ቢታጠቅ፣ እስከ ጫጫ ድረስም የኋላውን ነፋስ ተማምኖ ባይፈጥን እመክራለሁ።