በፌስታል የዞረውን ወረቀት ቁጭ ብላ ላነበበችልኝ ሲስተር

ይህን የምጽፈው ልጄን አስፈቅጄ ነው። «ስሜንና ትምህርት ቤቴን ካልጠራሽ ጻፊ» ብላኛለች። ሲስተርም ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። እንግዲህ ያለ ስም ነው የማመሰግነው።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ መታመም አበዛች። ራሷን ያማታል፣ ያዞራታል፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ድው ድው ይላል። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወደቀች ተብሎ ተደወለልኝ። ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሮጥን። ደም ሰጠች፣ ውጤት መጣ፦ ታይፎይድና ታይፈስ። መቼም እነዚህን ሁለቱን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ዋጠች፣ በሳምንቱ ቀለል አላት። በወሩ ደግሞ ተኛች። ሌላ ክሊኒክ፣ ያው ታይፎይድ። ሦስተኛው ላይ ጎረቤቴ «ዓይን ነው» አለችኝ። ጸበልም ወስጃታለሁ።

ከአራተኛው በኋላ ጤና ጣቢያ የሄድነው፣ እውነቱን ልናገር፣ ገንዘብ ስላለቀብኝ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «የወጣቶች ክፍል ግቡ» አለችን። እንዲህ ያለ ክፍል መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሲስተር «ምኗን ነው የሚያማት?» አላለችኝም። «መቼ መቼ ነው?» ነው ያለችው። በፌስታል ይዤ የዞርኩትን ወረቀት ሁሉ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደረችው። መስከረም 20፣ ጥቅምት 18፣ ኅዳር 17፣ ታኅሣሥ 15። በጣቷ ቆጠረች። 28 ቀን፣ 29 ቀን፣ 28 ቀን። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ቀኑ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እኔም አልነቃሁበትም። ከዚያ «ትኩሳት ነበራት?» አለችኝ። አስቤ አስቤ፣ አልነበራትም።

«እናት፣ እርስዎ ትንሽ ውጪ ይጠብቁን» አለችኝ። ከፍቶኝ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስገባ ልጄ አልቅሳለች። የወር አበባዋ ዘጠኝ ቀን ይቆያል። ሞዴስ በየሰዓቱ ትቀይራለች። ሌሊት እየተነሳች አንሶላ ታጥባለች። አንድ ቤት እየኖርን ይህን አላውቅም። እሷ ደግሞ የሴት ሁሉ እንዲህ ይመስላት ነበር።

«አፈር፣ ጠመኔ፣ ጥሬ ነገር ያምርሻል?» ስትላት ልጄ መሬት መሬት አየች። ለካ ከወጥ ቤቴ ሩዝ የሚጎድለው በአይጥ አልነበረም! የደም ማነስ ያለበት ሰው እንዲህ ሊያምረው ይችላል አሉ።

ሄሞግሎቢኗ፣ ማለት የደሟ መጠን፣ ተለክቶ 7.9 ሆነ። በእሷ ዕድሜ ከ12 ማነስ የለበትም።

«ታዲያ ታይፎይዱስ?» አልኳት። ክሊኒኮቹ የሠሩት ምርመራ ዊዳል ይባላል። የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው። ድሮ ተይዛ ከነበረ፣ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለባት፣ ዛሬም «አለ» ሊል ይችላል። የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ራሱን ከደም ውስጥ አሳድጎ የሚያየው ምርመራ ነው። ሲፕሮው የሠራ የመሰለን ደሙ በራሱ ጊዜ ስለሚቆም ነው። አራት ጊዜ በከንቱ ዋጠችው።

ወደ ሆስፒታልም ሪፈር ጻፈችልን። ከመጀመሪያው የወር አበባዋ ጀምሮ እንዲህ የሚፈሳት ልጅ ደሟ የመርጋት ችግር እንዳለበት መታየት አለበት አለች። ታየ፣ ደህና ነው። በወር አበባ የሚፈሳትን ደም የሚቀንስ መድኃኒት ተሰጣት፣ ከአይረን ኪኒን ጋር። ኪኒኑን በብርቱካን ትውሰድ፣ በሻይና በቡና ግን በጭራሽ፤ ሁለት ሰዓት ይራቃቸው ተባልን። ቡና ለምትወድ ልጅ ይህ ከበሽታው ባሰ። ሰገራዋ እንደሚጠቁርም አስቀድማ ነገረችን፤ ባትነግረን ኖሮ እንደገና ክሊኒክ ነበርን።

አሁን ሦስተኛ ወሯ ነው፣ 11.4 ደርሳለች። ሲስተር ግን ደሙ ሞላ ብለን ኪኒኑን እንዳናቆም አስጠንቅቃናለች፤ የሰውነት ክምችትም መሙላት አለበት።

እንዲህ ያለች ልጅ ያለቻችሁ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ በኢንቦክስ ጠይቁኝ። ራቅ ካላችሁም በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ የወጣቶች ክፍል ካለ ጠይቁ። የድሮ ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ውጪ ጠብቁ ስትባሉም እንደ እኔ አትከፉ።

ሲስተር፣ ሩዙ መጉደል አቁሟል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።