የድሮ ተመራቂን በሊንክድኢን መፈለግ ያዋጣል?

ከባቹ ማን የት ደረሰ ለሚል ሰው የሊንክድኢን «አለምናይ» (Alumni፣ የቀድሞ ተመራቂዎች) ገጽ ጥሩ ነው፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ ለሚለው ግን ያው የቴሌግራም ግሩፑ ይሻላል። የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ከፍቶ «አለምናይ» የሚለውን ሲነኩ የሚኖሩበት ከተማ፣ መሥሪያ ቤትና የሥራ መስክ በቁጥር ይመጣል።

ጣጣው ዓመተ ምህረቱ ነው። ሐምሌ 2007 የተመረቀ ሰው በኛው አቆጣጠር 2007 ብሎ ከሞላ፣ 2015 ብለው ሲያጣሩ አይወጣም፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶ መሞከር ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ከዝርዝሩ ሳይመርጥ በእጁ የጻፈም ከቆጠራው ይቀራል (አርማው ቦታ ላይ ባዶ ምልክት ካዩ ይኸው ነው)። ስምም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ «ጸሐይ»ን በሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ መፈለግ ግድ ነው።