ሶኬቱ አለ፣ ኬብሉ የለም፦ ፎቅ ቤት ላይ ዋይፋይ ልታስዘረጉ ያሰባችሁ ተጠንቀቁ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምም ሁኑ ሞጣ፣ ፎቅ ቤት ያላችሁና «ሙሉ ሕንጻውን በሜሽ ዋይፋይ እንሸፍንልዎታለን» የተባላችሁ ሁሉ (ሜሽ ማለት በየፎቁ ተቀምጠው እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩ ዕቃዎች ናቸው)፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም። ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቤታችን ማርቆስ ነው፣ ጂ ፕላስ ስሪ። ምድር ላይ ሱቅ አለ፣ ከዚያ በላይ እኛና ተከራዮች። የቴሌ ፋይበር የሚገባው ምድር ላይ ነው። እዚያው ላፕቶፕ በኬብል ሰክተን ስንለካ የከፈልንበት ፍጥነት ሳይጎድል ይመጣል። ስለዚህ ጥፋቱን ወደ ቴሌ አትውሰዱት። ችግሩ ሶሌታው ነው። ፌሮ የሞላበት ኮንክሪት የዋይፋይ ሞገድን ያደክማል፣ ፈጣኑን ባለ 5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ይበልጥ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ተከራያችን ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን እየተማረች ነው። ኦንላይን ክፍል ሲኖራት ላፕቶፗን ይዛ ወደ ታች ወርዳ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። የቤት ኪራይ እየተቀበልኩ ይህን ማየት አልቻልኩም።

የፈለግሁት ደግሞ ዝም ብሎ ሜሽ ሳይሆን በኬብል የተያያዘ ሜሽ ነበር። ልዩነቱ ቀላል ነው። ኬብል ከሌለ ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአየር ነው፣ ያንኑ ሶሌታ እየሰነጠቁ። በዚያው አንድ ሞገድ ለስልካችሁም ለሌላው የሜሽ ዕቃም የሚያገለግሉ ከሆነ፣ አንድ ፎቅ ባለፉ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከምድር እያንዳንዱ ፎቅ ድረስ ኬብል ከተሳበ ግን ላይ ያለው ዕቃ ሙሉውን ያገኛል፣ አየሩ ለስልክና ለላፕቶፕ ብቻ ይቀራል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይወስዳል። የእኛ ቤት ከታች እስከ ላይ የዚህን ግማሽ አይሞላም። ቤቱ ሲሠራም ለእንዲህ ያለ ነገር ብለን ግድግዳው ውስጥ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ አስቀብረን ነበር።

ይህን ሁሉ ከተማው ውስጥ የኔትወርክ ዕቃ ለሚሸጥና ለሚገጥም ሱቅ ባለቤት አስረድቻለሁ። ሱቁን ታውቁታላችሁ፤ መስታወት ውስጥ ካሜራና ራውተር የተደረደረበት፣ ልጆች ተደግፈው ስልክ የሚነካኩበት። «ጋሸ፣ እርስዎ ምንም አያስቡ። ካት ሲክስ ነው የምንስብልዎት፣ የዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ካት ሲክስ የፈጣን ኔትወርክ ኬብል ዓይነት ነው። ወንበር አመጣልኝ፣ ለስላሳ አስከፈተልኝ። ሦስት የሜሽ ዕቃ፣ ኬብሉና ሥራው ተደምሮ 62 ሺህ ብር። ግማሹን ቀድሜ፣ ቀሪውን ሲያልቅ።

ልጆቹ መጡ፣ ሠሩ። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳው ላይ ንጹሕ ነጭ ሶኬት ገጠሙ። ከሶኬቱ ወደ ዕቃው አጭር ኬብል ሰኩ። መብራቱ በራ፣ ስልኬ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆነ። ቀሪውን ብር ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ ተከራያችን «አሁንም ይቆራረጣል» አለችኝ። ስደውል «ቴሌ ነው ጋሸ» ይሉኛል። ቆይቶ ስልክ ማንሳቱንም ተዉት።

ነገሩን ያወጣው የእህቴ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ያጠናል። የሜሹን አፕሊኬሽን ስልኩ ላይ ከፈተው። እያንዳንዱ ዕቃ በምን እንደተገናኘ እዚያ ላይ ተጽፏል። አንደኛ ፎቅ፣ በኬብል ይላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ገመድ አልባ። እንዴት ይሆናል? ኬብሉ ተሰክቶ እያየነው! ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ከሶኬቱ ነቀለው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ኢንተርኔቱ እንደዚያው እያዘገመ ቀጠለ።

ካቻቢቴ አምጥተን ሶኬቱን ፈታነው። ከኋላው የስንዝር ያህል ኬብል አለ። አለቀ። ጫፉ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ሳጥኑ ውስጥ ተወትፏል። ከታች የመጣ ነገር የለም። የሁለተኛውንም ፈታነው፣ ያው ነው። ልጁ ቱቦው ውስጥ ጠንካራ ሽቦ ቢሰድ መሀል ላይ ቆመበት፣ ግንባታው ጊዜ ሲሚንቶ ገብቶበታል። ገባኝ። ኬብሉን መሳብ አቅቷቸዋል። አቅቶን ነው ቢሉኝ እኮ ግድግዳውን ራሴ አስከፍትላቸው ነበር፣ ወይ በውጭ በኩል ይሳብ እል ነበር። እነሱ ግን ሁለት ፎቅ ላይ ተቀምጠው ለዓይን የሚሆን ሶኬት አሳምረው ገጠሙ፣ የውሸት ኬብል ቆርጠው አጠፉ፣ ብሎኑን አጠበቁ። ባለቤቴ ያፈላችላቸውን ቡና ጠጥተው፣ መርቀው ነው የወጡት። ከብሩ በላይ ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ያችን ቁራጭ ኬብል ይዤ ከልጁ ጋር ሱቁ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቱ በእጁ እንኳ አልነካትም።

«ዋይፋዩ ይሠራል አይደል? ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

የከፈልኩት ለኬብል ነው አልኩት።

«ሜሽ እኮ ገመድ አይፈልግም። ሳታውቅ አትከራከር።»

ልጆቹ ሳቁ። ሶኬቱን የገጠመው ልጅም አብሮ ሳቀ። በዚህ መሀል አንድ ሽማግሌ ካሜራ ሊጠይቁ ገቡ። ሰውየው ፊቱን ከእኔ መለሰና «አቤት ጋሸ፣ ምን ልታዘዝ?» አላቸው። ወንበር አመጣላቸው። እኔ ልጅ በሚያህሉኝ ሰዎች ፊት ቆሜ ቀረሁ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ እዚያው ቆሞ አንዷን ሽቦ ልጦ በምላጭ ፋቃት። ላይዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም! እውነተኛ ካት ሲክስ ሽቦው ሙሉ በሙሉ መዳብ መሆን አለበት። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ያነሰ ነው፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ ላይ በትክክል የተሳበው እንኳ የተባለው ኬብል አይደለም። ይህን ብንለው «ከተማው የሚሸጠው ይህንኑ ነው» አለ። ደረሰኙን ሳወጣ የተጻፈው «የኔትወርክ ዕቃና ሥራ» ብቻ ነው። የኬብሉ ዓይነት የለም፣ ስንት ሜትር እንደሆነ የለም። ገንዘብህን እመልሳለሁ አላለም። መጥቼ ልየው እንኳ አላለም።

እናንተ እንዳይደርስባችሁ፦ ደረሰኙ ላይ «ንጹሕ መዳብ» ብለው ከነሜትሩ ይጻፉ። ሽቦውን ሳይሳብ ፋቁት። ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት አፕሊኬሽኑን አስከፍቱና እያንዳንዱ ዕቃ በኬብል መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

እኔ አልተውኩትም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ቁራጯን ኬብል፣ የተፈቱትን ሶኬቶች ፎቶና ደረሰኙን ይዤ አቤቱታ እያዘጋጀሁ ነው። ማርቆስና አካባቢው ላይ ዋይፋይ ያስዘረጋችሁ፣ ዛሬውኑ ሶኬታችሁን ፈታችሁ እዩት። እንደ እኔ ባዶ ካገኛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እናቅርበው።