ሳይለካ የማይናገር ባለሙያ፦ ከደብረ ማርቆስ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለአንድ ወጣት የኢንተርኔት ዝርጋታ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ስሙን ልጻፍ ብዬ ስጠይቀው «ይቅር መምህር፣ ሥራው ከተወደደ ይበቃኛል» ስላለኝ አልጠቅሰውም። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ለቤቱ ኢንተርኔት ለማስገባት ያሰበ ሰው ግን ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ይህን ልጅ እንዲያማክር ከልቤ እመክራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ ነው። ልጄ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ አዲስ አበባ ለሚገኝ አንድ ድርጅት ከቤቷ ሆና እንድትሠራ ተቀጠረች። ዓባይን ሳትሻገር፣ ከእኛ ሳትለይ ደመወዝ ማግኘቷ ለቤታችን ትልቅ በረከት ነበር። ሥራው ግን በየጠዋቱ የቪዲዮ ስብሰባ አለው፤ ማታ ደግሞ በርካታ ደረሰኞችን ፎቶ አንስቶ መላክን ይጠይቃል። ቤታችን ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የነበረን ኢንተርኔት በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ሲሆን ዝናብ በጣለ ቁጥር ይጠፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ከስብሰባ መሀል ተቋረጠባት። በአራተኛው ኮምፒውተሯን ከድና ስታለቅስ አገኘኋት።

እኔም ደንግጬ ያገኘሁትን ሁሉ መግዛት ጀመርኩ። አንድ ሱቅ «ኃይል ይጨምራል» ብሎ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ዕቃ ሸጠልኝ፤ የጨመረው ነገር አልነበረም። ወንድሜ ከአሜሪካ የሳተላይት ሳህን ልላክልህ አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ፋይበር፣ ማለትም በቀጭን የመስታወት ገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት፣ ካልሆነ በከንቱ አትድከም ይለኛል። ሁሉም የየራሱን ያሞግሳል እንጂ የእኔን ቤት ያየ ማንም አልነበረም። በዚህ መሀል ነው አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ ጓደኛዬ ይህን ልጅ የጠቆሙኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣ። ገና ከበር «ፋይበር አስገባልኝ» አልኩት። ቦርሳውን አስቀመጠና መጠየቅ ጀመረ። በቤቱ ስንት ሰው አለ? ኢንተርኔቱ ለምን ሥራ ነው የሚፈለገው? በየትኛው ሰዓት? የምትልኩት ይበዛል ወይስ የምትቀበሉት? መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጄን ደግሞ አንድ የሥራ ቀኗን ከጠዋት እስከ ማታ እንድትነግረው ጠየቃትና ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት ወደ አንድ ጊጋባይት ገደማ እንደሚበላ ነገራት፤ በቀን ሁለት ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ሲባዛ 52 ጊጋባይት ለስብሰባ ብቻ እንደሚሄድ አሰላላት። እኔ ጥቅል ስገዛ ዋጋውን እንጂ መጠኑን አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ ሽቦው ሄደ። የስልኩን እጀታ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገና ለእኔም ሰጠኝ። ውስጡ እንደሚጠበስ ነገር ይንሿሿል። ሽቦውን ከሳሎን እስከ ግቢው ጥግ በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው፤ ከባሕር ዛፉ አጥር አጠገብ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ አገኘ። ፕላስተሩን ሲልጠው ውሃ ጠብ አለ። ሁለቱ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች እንደ ሻገተ እንጀራ አረንጓዴ ሆነዋል። የተበላሸውን ቆርጦ ጣለ፤ ጤነኛውን መዳብ ላጠና ውሃ በማያስገባ ማያያዣ ገጠመው፤ መጋጠሚያውንም ከመሬት አንስቶ ከኮርኒሱ ጠርዝ ሥር አሰረው። ስልኩን መልሰን ስናነሳ ዝም ብሏል። ጥፋቱ ከራሳችን ግቢ ሳይወጣ እኔ ስንቱን ስወቅስ ከርሜያለሁ።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ ቢሄድ አመስግኜ እሸኘው ነበር። እሱ ግን «መምህር፣ መቆራረጡ ይቀንሳል፤ ለእህቴ ሥራ ግን ይህ አይበቃም» አለኝ። ምክንያቱንም አስረዳኝ። በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል። በሰከንድ እስከ 24 ሜጋቢት የሚባለው ፍጥነት ለጣቢያው ቅርብ ለሆነ ቤት ነው፤ ሽቦው እንደ መንገዱ ዞሮ አራት ኪሎ ሜትር ሲርቅ ወደ ሩቡ ገደማ ይወርዳል። በዚያ ላይ ይህ መስመር ሲሠራ ጀምሮ ለመቀበል ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የመላኪያው ፍጥነት ከአንድ ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። ልጄ ደግሞ ሥራዋ መላክ ነው። ፊልም ለሚያይ ቤተሰብ የሚበቃ መስመር ለእሷ የማይበቃው ለዚህ ኖሯል።

ይህን ካልኩ አይቀር፣ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት አንድ ነገርም ከእሱ ተምሬያለሁ። ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ አሥር ሜጋቢት የገዛ ሰው በሰከንድ የሚያገኘው ከአንድ ሜጋባይት ትንሽ የሚበልጥ ነው። አንድ ጊጋባይት ፋይል በዚህ ፍጥነት ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ተታለልኩ ብሎ ከመናደድ በፊት ለስምንት ማካፈል ነው።

ቀጥሎ ሲም ካርድ የሚገባበትን የአራተኛ ትውልድ (4ጂ) ራውተር፣ ከሞባይል ማማ ኢንተርኔት ተቀብሎ ለቤቱ የሚያሰራጨውን ዕቃ፣ ከቦርሳው አወጣ። ለሙከራ የያዘው የራሱ ዕቃ ነው። ሳሎን መሀል አስቀመጠውና በስልኩ የምልክቱን ጥንካሬ አነበበ፦ ከዜሮ በታች 112። ወደ መኝታ ክፍል ወሰደው፤ ብዙም አልተለወጠም። ከዚያ በላይኛው ክፍል ወደ ምሥራቅ በሚያየው መስኮት አስቀመጠው፤ 92 ሆነ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ምልክቱ ይጠነክራል። ሃያ ቁጥር ትንሽ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን በየአሥሩ ኃይሉ አሥር እጥፍ ስለሚሆን ልዩነቱ መቶ እጥፍ መሆኑን ነገረኝ። የቆርቆሮ ጣሪያና የብረት መስኮት ምልክቱን ይመልሱታል፤ ወፍራም ግድግዳም ያዳክመዋል። እኔ ውድ አንቴና ልገዛ ተዘጋጅቼ ሳለ ያስፈለገን የራውተሩን ቦታ መቀየር ብቻ ነበር። አንቴናውን ቢሸጥልኝ ትርፉ ለእሱ ነበር፤ አልሸጠልኝም።

በዚያም አላበቃም። «አሁን ረፋድ ነው፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ማማው ይጨናነቃል፤ ማታ ሳላየው አልናገርም» ብሎ ሄደ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ካፊያ እያካፋ፣ ተመልሶ መጣ። እውነትም ፍጥነቱ ከረፋዱ በግማሽ ወርዷል፤ ለስብሰባና ደረሰኝ ለመላክ ግን ይበቃል። ቡናችንን ሁለተኛውን እየጠጣ ያለኝን በትክክል አስታውሳለሁ፦ «መምህር፣ ለክረምቱ በዚህ ይቆዩ። ፋይበሩ ከዋናው መንገድ ደርሷል፤ ከእርስዎ በር አልደረሰም። ማመልከቻውን ዛሬ ያስገቡ፤ እስኪደርስ አይግዙ፤ የሽቦውንም መስመር አይሰርዙ»። የሞባይል ዳታ በክልላችን ለወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው የመጨረሻውን ምክር ክብደት ይረዳዋል። ሁለት መንገድ ያለው ቤት አንዱ ሲዘጋ በሌላው ይወጣል።

ስለ ሳተላይቱም ጠየቅኩት። ሁሉም ሳተላይት አንድ አይደለም አለኝ። የቆዩት ዓይነቶች ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቀው ስለሚገኙ ጥያቄው ወጥቶ መልሱ እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሰው ሰውን እያቋረጠ ይቸገራል። በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞሩት አዲሶቹ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ሆኖም ማንኛውንም የሳተላይት ዕቃ ከማስመጣት በፊት በአገር ውስጥ የተፈቀደ መሆኑን ማጣራት ይገባል። ለወንድሜ ደውዬ አትላክ አልኩት።

ፋይበሩ ኅዳር ላይ ደረሰ። መስመሩን የዘረጉት የአገልግሎት ሰጪው ሠራተኞች ናቸው፤ እሱ ግን ሳልጠራው ሊያይ መጣ። ትንሹ ልጄ የተረፈውን ገመድ ሚስማር ላይ አጥብቆ ሲጠመጥም ሲያየው እጁን ይዞ አስቆመው። ውስጡ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር መስታወት ነው፤ የሚጓዝበትም ብርሃን ነው፤ ከታጠፈ ብርሃኑ በመታጠፊያው ያመልጣል። ከቡና ስኒ አፍ ባልጠበበ ክብ አድርጎ፣ ሳያጠብቅ፣ በሰፊው ጠቀለለለት። ጫፉንም ወደ ዓይኑ አስጠግቶ እንዳያይ አስጠነቀቀው፤ ብርሃኑ ለዓይን ባይታይም ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ለመብራት መጥፋቱም ለራውተሩና ለፋይበሩ መቀበያ የምትሆን ትንሽ ባትሪ ገጠመልን። ቤቱ ቢጨልምም የልጄ ስብሰባ አይቋረጥም። መብረቅ ሲያጉረመርም የስልኩን ሽቦና የኤሌክትሪኩን መሰኪያ እንድንነቅልም አደራ ብሎናል፤ መስታወቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ መዳቡ ግን ያስተላልፋል። የደብረ ማርቆስን የሐምሌ ነጎድጓድ ለምታውቁ ይህ ትርፍ ምክር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። እናቴ የምትኖረው በግቢው ውስጥ ባለው በአሮጌው የጭቃ ቤት ነው። ከዋናው ቤት የሚሰራጨው ዋይፋይ እሷ ዘንድ አይደርስም ነበር። የዚያን ሱቅ ዕቃ አውጥቼ ሳሳየው ደካማውን ምልክት ተቀብሎ ደካማውን ከማስተላለፍ በቀር እዚህ ቤት እንደማይረዳ ነገረኝና፣ እስከ መቶ ሜትር ድረስ ያለ ችግር የሚሠራ የኔትወርክ ገመድ በቧንቧ ውስጥ አድርጎ በአጥሩ ሥር እስከ እናቴ ክፍል ዘረጋ። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጀበት። እናቴ እንጀራ አቅርባ ካልበላህ አትወጣም ስትለው እጁን ታጥቦ «እሺ እማማ» ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ። ከበላ በኋላ አሜሪካ ካለው ልጇ ጋር በቪዲዮ አገናኛት። የወንድሜ መልክ ሳይቆራረጥ ሲመጣላት ነጠላዋን አስተካክላ «ከስተሃል» አለችው፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የገመዱንና የባትሪውን ዋጋ ከነደረሰኙ አሳየኝ፤ የእጁን ለብቻው ነገረኝ። ለማታው መመላለስና ለኅዳሩ ጉብኝት ልክፈልህ ስለው እምቢ አለ። ለሙከራ ትቶልን የሄደውን ራውተር የራሳችንን እስክንገዛ 11 ቀን ስንጠቀምበት ኪራይ አላስከፈለንም።

የምትፈልጉት ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ከደብረ ማርቆስ ውጭ እስከ ደጀንና ፍኖተ ሰላም ድረስ ይሄዳል፤ የመጓጓዣውን ግን ችላችሁ ጥሩት። ከመምጣቱ በፊት የቤታችሁን ሰው ብዛት፣ ኢንተርኔቱን የምትፈልጉበትን ሥራና ሰዓት ጽፋችሁ ብትጠብቁት ደስ ይለዋል። ማታ ተመልሼ ልይ ካላችሁም አትከልክሉት።