«ለትራክ ዝግጁ» ተብላ ደረሰኝ የተቆረጠላት መኪናዬ

ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጉልበተኛ መኪና ገዝታችሁ «እስቲ ትራክ (የመኪና እሽቅድምድም መሮጫ) ላይ ልሞክራት» የምትሉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። 1,850 ዶላር ተበልቻለሁ። ገንዘቡስ ይሁን። የፍሬን ፔዳሌ ወለል ሲነካ ግን በሰዓት 110 ማይል ላይ ነበርኩ።

መኪናዋ የ2011 ኮርቬት ግራንድ ስፖርት ናት። ማንዋል፣ 6.2 ሊትር ሞተር፣ 430 የፈረስ ጉልበት። ዓመት ሙሉ 495 አውራ ጎዳና ላይ በትራፊክ ስትንፏቀቅ አሳዘነችኝና ባለፈው ሜይ ሰሚት ፖይንት የሚባል ትራክ ላይ ለመንዳት ተመዘገብኩ። ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ከእኔ ሰፈር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ አለው። ውድድር አይደለም። ጀማሪ ከሆንክ አሰልጣኝ አጠገብህ ይቀመጣል። ፊትህ ያለው ሰው እጁን አውጥቶ «እለፍ» ካላለህም አታልፍም።

ከመግባትህ በፊት መኪናህ ተፈትሾ የተፈረመበት ቅጽ ይጠየቃል። እኔን ያስበላኝ ይሄ ቅጽ ነው። የጋራዡን ስም አልጠራም። እንግዳ መቀበያው ውስጥ እውነተኛ የውድድር መኪና አቁመዋል፣ ግድግዳው ፎቶ በፎቶ ነው። ይህን ያየ ሰው ምን ብሎ ይጠረጥራል? «የትራክ ፓኬጅ» የሚሉት ነገር አላቸው። የፍሬን ዘይቱን አውጥቶ በውድድር ዘይት መተካት፣ የትራክ ፍሬን ሸራ ከፊትም ከኋላም፣ የጎማና የብሎን ፍተሻ፣ ሄልሜት፣ በመጨረሻ የተፈረመ ቅጽ። ከፍዬ ወጣሁ። ምን እንደቀየሩ አላየሁም፣ አሮጌውን ዕቃ አሳዩኝም አላልኩም። አዲስ አበባ እያለሁ እንኳን መካኒክ ዕቃ ሲቀይርልኝ አሮጌውን በላስቲክ አስጠቅልዬ ነበር ይዤ የምሄደው። አሜሪካ ስመጣ ምን ነካኝ?

ቀኑ በሄልሜቱ ተበላሸ። መግቢያ ላይ ያለው ሰውዬ የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ተለጣፊውን አየና መለሰልኝ። የስኔል (የሄልሜት ደህንነት የሚፈትሽ ድርጅት) ተለጣፊ ላይ «ኤም» (M) ካለ የሞተር ሳይክል ነው፣ «ኤስኤ» (SA) ካለ የመኪና ውድድር ነው። የመኪና ውድድሩ ሄልሜት እሳት መቋቋሙም ይፈተሻል። አንዳንድ አዘጋጅ «ኤም» ይቀበላል፣ የእኛዎቹ ግን አይቀበሉም። የሸጡልኝ «ኤም» ነበር። ተውሼ ገባሁ።

የመጀመሪያው ዙር ሰላም ነበር፣ ቀስ ብዬ ስለነዳሁ ነው። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ደፈርኩ። ዋናው ቀጥታ መንገድ ሲያልቅ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፣ ያለ የሌለ ፍሬንህን የምትይዘው እዚያ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ፔዳሉ ትንሽ ለሰለሰብኝ። «ጫማዬ ነው» ብዬ አለፍኩት። አምስተኛው ላይ ረገጥኩት፣ የለም። እግሬ ስፖንጅ ውስጥ እንደገባ ሆኖ ወለል ነካ። አሰልጣኙ «ደጋግመህ ርገጥ! ደጋግመህ!» እያለ ጮኸ። ሦስተኛው ርግጫ ላይ ትንሽ ያዘልኝ። ከአስፋልቱ ወጣን፣ ሳሩ ላይ ተንሸራተን ቆምን። ማንም አልተጎዳም። አሰልጣኙ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አልተናገረም፣ ከዚያ «ዘይቱን መቼ ነው የቀየርከው?» አለኝ። «ማክሰኞ» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ተራው፣ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ግን 155 ብቻ ነው። የውድድር ዘይቶቹ አዲስ ሲሆኑ ከ300 በላይ ይችላሉ። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። አንተ ፍሬን የያዝክ ይመስልሃል እንጂ አረፋ ነው የምትረግጠው። ሸራው ከአቅሙ በላይ ሲሞቅ ግን ምልክቱ ሌላ ነው፣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ መኪናዋ ግን አልቆምም ትላለች። ሁለቱን ለዩ። የእኔ የመጀመሪያው ነበር።

መኪናዋ ስትበርድ ኮፈኑን ከፍተን የዘይቱን ዕቃ አየን። አዲስ የፍሬን ዘይት ጠራ ያለ፣ ቢጫ ቢጤ ነው። የእኔ የአቦል ቡና መልክ ነበረው። ለጋራዡ ስደውል «በትራኩ ሙቀት ጠቁሮ ነው» አሉኝ። ይሁን አልኩ። ጎማውን ፈታን። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ላይ ዘይቱና አየሩ የሚወጣባት ብሎን አለች፣ በትንሽ የላስቲክ ቆብ ትሸፈናለች። አራቱም ጎማ ጋ ቆቡ ከነጭቃው ደርቆ ተጣብቋል። ቁልፍ ያረፈበት ምልክት የለም። ይህችን ሳይፈቱ ዘይት ሊቀይሩ አይችሉም። ሸራውን አውጥተን ጀርባውን አየን፣ የተጻፈው ቁጥር የተራ የመንገድ ሸራ ነው። አዲስ ነው፣ ይሄን አልክድም። ግን ተራ ነው።

ጎማዬስ? ቅጹ ላይ «ጥሩ» ተብሎ ተፈርሟል። ጥርሱ በእርግጥ ጥልቅ ነው። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት ናቸው። የእኔ 1214 ይላል። በ2014 12ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ማለት ነው። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ጥርስ ኖረው አልኖረው አይዝም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። የጋራዡ ሻጭ «ውድድር ስላልሆነ የመኪናህ ኢንሹራንስ ይሸፍናል» ብሎኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ውሌን አወጣሁና አነበብኩት። በሩጫ ትራክ ላይ የሚደርስ ጉዳትን በግልጽ አስወጥቷል፣ ውድድር ይሁን ልምምድ አይልም። ብዙዎቹ ውሎች ዛሬ እንደዚህ ናቸው። ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚገዛ የትራክ ኢንሹራንስ አለ፣ ዋጋው እንደ መኪናችሁ ግምት ነው። በሰው አፍ አትመኑ፣ ውላችሁን አንብቡ። በብዙ ትራክ ደግሞ የገጫችሁትን የብረት አጥር የምትከፍሉት ራሳችሁ ናችሁ።

ፎቶውን ሁሉ ደረሰኙ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አያይዤ ለጋራዡም ለክሬዲት ካርድ ባንኬም ላክሁ። ሦስት ሳምንት ተጨቃጭቀን 1,400 መለሱ። ቀሪው «የሄልሜትና የፍተሻ» ነው አሉ። የቱ ፍተሻ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ፎቶ ባይኖረኝ ያቺንም አላገኝም ነበር፤ ስለዚህ መኪናችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የዘይቱን ዕቃ፣ የካሊፐሩን ብሎንና ሸራውን ፎቶ አንሱ። ስትረከቡ ባዶ የዘይት ጠርሙስና አሮጌ ሸራ ጠይቁ። «ጥለነዋል» ካሉ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

አሁን ራሴው ነኝ የምሠራው። የውድድር ዘይት ሁለት ግማሽ ሊትር ጠርሙስ 50 ዶላር አካባቢ ወጣብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ መሪው ጋ ተቀመጠች፣ እኔ ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀመርኩ። «ርገጪ፣ ያዢ!» እላታለሁ፣ ብሎኗን ፈታ አደርጋለሁ፣ ጥቁሩ በቱቦው ይወርዳል፣ አጠብቃለሁ፣ «ልቀቂ!» አራቱንም እስክንጨርስ እግሯ ዛለ። «ለዚህ ነበር 1,850 የከፈልከው?» አለችኝ።